መርዶ በሰው አገር

ማዓዲ፣ ካይሮ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድምዓለም መርሻ፤

እንደምን ከረማችሁ? አንተ፣ እማዬ፣ ባለቤትህ፣ ልጆቹ እንደምን ናችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤህ በሲሳይ እጅ ደርሶኛል። ሲሳይ ከዚህ ልብስ እየገዛ አዲስ አበባ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ እዚያ የአክስታችን ልጅ ሶስና ትቀበለውና ወደ ቢቸና ለሚመጣ መንገደኛ ትሰጣለች። የስልክ መስመራችሁ ከተቋረጠ ወዲህ እናንተን የምሰማው በዚህ መንገድ ብቻ ሆነ።

በመጀመሪያ ለጠየቅኸኝ ልመልስ። አልተለወጥኩም፤ ማዕተቤ አንገቴ ላይ ነው። ዓርብ እረፍቴ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ። የምሠራበት ቤት ግን እውነትህን ነው፣ የሕንዶች ነው። የማስታምማቸውን አሮጊት ሁሉም «ማታጂ» ይላቸዋል፤ በእነሱ አገር «እናታችን» እንደ ማለት ነው። ሰማንያን አልፈዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳንስክሪት የሚባለውን የጥንት ቋንቋቸውን ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ እንደ እኛ ግዕዝ በለው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸውም ሕመምተኛ ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው የጥንት ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ። ከዚያ ትርጉሙን ለእኔ ይነግሩኛል። እንግሊዝኛዬ ስብርብር ነው፤ የጎደለውን በዓረብኛ እንሞላዋለን።

«ምን ያስተምሩሻል?» ላልከው አንዱን ልንገርህ። ባለፈው ሰሞን በብርጭቆ ውኃ አስቀዱኝና ጨው ጨምሪበት አሉኝ። እስኪሟሟ ጠብቀው፣

«ጨውሽ የት አለ?»

«አይታይም፣ ማታጂ።»

«ከላይ ቅመሺው።»

ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ከላዩ አስደፍተው የቀረውን አስቀመሱኝ። ጨው ነው።

«የፍጥረት ሁሉ ሥር የሆነው አንዱ እንዲህ ነው» አሉ። «ዓይን አያገኘውም፤ ግን እሱ የሌለበት ጠብታ የለም። በአንቺም፣ በእኔም፣ በር ላይ በተቀመጠው ዘበኛም ውስጥ ያለው ያው ነው። እንግዲህ ሌላውን የጎዳ ማንን ጎዳ?»

ብርጭቆውን አጥቤ ቦታው መለስኩ። ይህ ኃጢአት ከሆነ ጻፍልኝ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ማታጂ ናግፑር በምትባል ከተማ የምትኖር ሚራ የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ሐሙስ ሐሙስ ትደውል ነበር፤ እናትና ልጅ እየተሳሳቁ ያወሩ ነበር። በጥቅምት የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ ሞተች። ማታጂ አልሰሙም። ወንድ ልጃቸው ራጌሽ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «እናቴ ይህን ከሰማች ልቧ ይቆማል። ሚራ ጉሮሮዋን ታማ መናገር ተከልክላለች እንላለን። ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ። ከአፍሽ ካመለጠ እዚህ ቤት አትቆዪም።» የመኖሪያ ፈቃዴ በእሱ ስም እንደሆነ ታውቃለህ።

እና እዋሻለሁ። «ሚራ መልእክት ልካለች፣ ደህና ነኝ ብላለች» እላለሁ። ማታጂ በደከመው ዓይናቸው ፊቴን ይፈልጉታል። ምን ላድርግ? አንተ የተማርክ ነህ፣ ምከረኝ።

ደግሞስ እማዬ ምነው አንድ ቃል ሳታስጽፍ ቀረች? ሁልጊዜ ከደብዳቤህ ግርጌ «እህል ቅመሺ፣ ፀጉርሽን ሳታደርቂ አትውጪ» ታስብለኝ አልነበረም? በመስከረም የላክሁላት ነጭ ነጠላስ ደረሳት?

እህትህ ኑሀሚን

ቢቸና
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ኑሀሚን፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው። እኔም ማስተማሬን አላቆምኩም፣ ትምህርት ቤቱ ክፍት በሆነ ቀን።

ስለ ጨውና ውኃው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ኃጢአቱ አልታየኝም። አባታችን በሕይወት ቢኖር ከእኚህ ሴት ጋር ሲከራከር ይውል ነበር፤ ሲመሽም ምሳ ሳይበላ እንደዋለ ትዝ ይለው ነበር። እስቲ ደግሞ መጻሕፍታቸው ስለ ውሸት ምን እንደሚሉ ጠይቂልኝ። ለእኔ ብለሽ ጠይቂልኝ።

ምክር ላልሽኝ ግን መልሴ አጭር ነው፦ ዝም በይ። እለምንሻለሁ፣ ዝም በይ። መርዶ የራሱ ሰዓት አለው፣ የሚነግር ሰው አለው፣ ደግፎ የሚይዝ ወገን አለው። ለብቻው መርዶ የተረዳ ሰው ገደል እንደገባ ነው፤ ማን ያወጣዋል? አሮጊቷ በሰው አገር ናቸው። በሰው አገር ያለን ሰው ማርዳት ጭካኔ ነው። ልጃቸው የሚያደርገውን ያውቃል። አንዳንዴ ዝም ያለ ሰው ዝም ያለው ስለሚወድ ነው፤ ይህን አትርሺ።

እማዬን በተመለከተ፣ አሁን ምንም አያማትም። ያ ሲያንገበግባት የኖረው ጉልበቷ እንኳ አርፎላታል። ነጠላው በጊዜው ደርሷል፣ ለብሳዋለች። በጣም አምሮባት ነበር።

ወንድምሽ መርሻ

ማዓዲ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድምዓለም፤

ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ? «ምንም አያማትም» የሚለውን ሳነብ ወጥ ቤት ብቻዬን እልል አልኩ። ማታጂ ደንግጠው ጠሩኝ። «እናቴ ድናለች!» አልኳቸው። እጄን ይዘው ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ስለ ውሸት የጠየቅኸውን ጠየቅሁልህ። በመጻሕፍታቸው ከሁሉ የሚቀድመው ትእዛዝ አለመጉዳት ነው አሉ፤ በእጅም፣ በቃልም፣ በሐሳብም። እውነት የሚመጣው ከእሱ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ እውነትን እንደ ድንጋይ መወርወር አይገባም፤ የሚሰማው ሰው እንዲሸከመው አድርጎ ማቀበል ነው የሚገባው። «ግን» አሉ ማታጂ፣ «ሰውን ለማስደሰት ብሎ መዋሸትንም አይፈቅዱም። ጣፋጭ ስለሆነ ውሸትነቱ አይቀርም።»

እኔ ሞኝ ዝም አልልም። «ማታጂ፣ እውነቱም የሚጎዳ፣ ውሸቱም የሚጎዳ ከሆነስ?» አልኳቸው።

«ማንን አስበሽ ነው?» አሉኝ።

የያዝኩት ሻይ ልብሴ ላይ ፈሰሰ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ሌላ ጨዋታ እንደጀመረ ሰው ሆነው፣ የሰው አካል ሠረገላ ነው አሉኝ፤ ዓይንና ጆሮ፣ አፍንጫና ምላስ ፈረሶቹ ናቸው፣ ሐሳብ ልጓሙ ነው፣ አስተዋይ አእምሮ ነጂው ነው። ነጂው ካልጠነከረ ፈረሶቹ ሠረገላውን ገደል ይከቱታል። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «ያንቺ ፈረሶች ሰሞኑን ደንብረዋል፣ ልጄ። ምን አይተው ነው?»

ምን ልበላቸው? «የአገሬ ነገር ነው» አልኩ። አሁን ምግብ እየተዉ ነው። ሐሙስ ሲመጣ ሳሪ የሚባለውን ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለብሰው ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ራጌሽ ማታ ገብቶ ሲያያቸው ወደ እኔ ይዞራል፣ ነገርሻት እንዴ በሚል ዓይን። ወንድምዓለም፣ በሩ ሲንኳኳ እንኳ እደነግጣለሁ።

ሌላም የሚከነክነኝ አለ። ሶስና ጋ ደወልኩ። «እማዬን ያያት ሰው አለ ወይ?» ስላት «መስመሩ ይቆራረጣል፣ አይሰማኝም» ብላ ዘጋችው። እኔ ግን ከኋላዋ ሬዲዮው የሚያወራውን እንኳ ጥርት አድርጌ እሰማ ነበር። ተጣልተናል እንዴ? አስቀይሜያት ይሆን?

እባክህ ከእማዬ አፍ አንድ መስመር ላክልኝ። ስድብም ይሁን። ካሻት ትስደበኝ።

ኑሀሚን

ቢቸና
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህትዓለም ኑሀሚን፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። አጭር ስለጻፍኩ አትቀየሚኝ፤ መንገደኛው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ሶስና አልተቀየመችሽም።

ደብዳቤሽን ለእማዬ ወስጄላታለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፤ ዝም ብላ ሰማችኝ። ነጠላሽን የለበሰችው ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነው። አገሩ ሁሉ አጅቧት ነበር የሄደችው፣ ቄሶቹም ጭምር። እንዲያ የከበረችበትን ቀን አላየሁም።

ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ጊዜው ሲደርስ ዓይን ለዓይን እየተያየን ሁሉን እነግርሻለሁ። በሥራሽ በርቺ። ለአሮጊቷም ዝም በይ፣ ያልኩሽን አትርሺ።

መርሻ

ፋይሰል፣ ጊዛ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፤

ሰላምታ ማስቀደም አልቻልኩም። አድራሻዬ መለወጡን አይተህ እንዳትደነግጥ፤ ያለሁት ሰናይት ዘንድ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኋት፣ በየቤቱ እየዞረች የምታጸዳ የደሴ ልጅ ናት። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጠዋት ማታጂ በረንዳ ላይ ነበሩ። «የወንድምሽን ተርጉሚልኝ» አሉ። በኩራት ተረጎምኩላቸው። አገሩ ሁሉ አጅቧት፣ ቄሶቹም ጭምር! እማዬ ድሃ ናት ብለው ይሆናል፣ ክብሯን ይስሙ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው።

«በእግሯ ሄደች ይላል?»

«ይህን አይልም። ሄደች ነው የሚለው።»

«ደብዳቤሽ ሲነበብላት ምን አለች?»

«ዝም ብላ ሰማችኝ ይላል።»

«እናትሽ ዝም የምትል ሴት ናት?»

ወንድምዓለም፣ እማዬ መቼ ዝም ብላ ታውቃለች? ደብዳቤ ሲነበብ በየመስመሩ እየገባች «ቆይ፣ ቆይ፣ ምን አለች?» የምትል እኮ ናት። ማታጂ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ወንድምሽ መዋሸት የማይችል ሰው ነው» አሉ። «ስለዚህ እውነቱን አሟሟው። ጨው አለበት፣ ልጄ።»

ተቆጣሁ። በእናቴ ሞት የሚያሟርቱብኝ መሰለኝ። «እርስዎ ምን ያውቃሉ? አገሬን አያውቁ፣ ቋንቋዬን አያውቁ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በዚያ ቤት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «እኔም የብርዱን ወራት ሙሉ ይህንኑ ውኃ ስጠጣ ነው የከረምኩት። ከአንቺ እጅ።»

ስልኬን አንስቼ ሶስና ጋ ደወልኩ። «በሥላሴ ይሁንብሽ፣ እማዬ አለች?» አልኳት። መስመሩ አልተቆራረጠም። ሶስና አለቀሰች።

ከዚያ የሆንኩትን በደንብ አላስታውሰውም። እሪ ብያለሁ መሰለኝ፤ የታችኛው ፎቅ ሰዎች ወጥተው ነበር። የማስታውሰው ማታጂ ከወንበራቸው ወርደው መሬት ተቀምጠው፣ ጭንቅላቴን አቅፈው፣ እኔ ደረቴን ስመታ እሳቸውም ደረታቸውን ይመቱ እንደነበር ነው። የእኛን ለቅሶ የት ያውቁታል? እያዩኝ ይከተሉኝ ነበር።

ሲደክመኝ ውኃ አጠጡኝና እንዲህ አሉ፦ «አሁን የእኔን ንገሪኝ።»

ራጌሽ ታሰበኝ። መኖሪያ ፈቃዴ፣ የእሳቸው ልብ፣ አንተ «ዝም በይ» ያልከኝ ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። «ማታጂ፣ ከተናገርኩ የሚመጣውን አላውቅም» አልኳቸው።

«ማንም አያውቅም» አሉ። «መጻሕፍታችን ደጋግመው የሚሉት ይህንኑ ነው። ሥራው ያንቺ ነው፤ ፍሬው ያንቺ አይደለም። ፍሬውን ፈርቶ ሥራውን የተወ፣ ፍሬውን ጓጉቶ የሠራም፣ ሁለቱም ታስረዋል። አሁን የሚገባሽን አድርጊ።»

ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። እንደ እኛ ወግ ቀስ ብዬ፣ ዳር ዳሩን እያልኩ ልጀምር አሰብኩ፤ ቋንቋው አልበቃኝም። «ሚራ ጉሮሮዋን አልታመመችም» አልኩ። «በመኪና አደጋ ሞታለች። በጥቅምት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ተሰቃይታለች?» አሉ።

«አላውቅም፣ ማታጂ። የማላውቀውን አልነግርዎትም።»

ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። በእነሱ ወግ የዘመድ ሞት የሰማ ሰው ይታጠባል። ልብሳቸውን አውልቄ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኳቸው፣ ነጭ አለበስኳቸው። ስሟን እየጠሩ በለሆሳስ ያነበንቡ ነበር። እኔ ልባቸው የቻለው መስሎኝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ትንፋሽ አጠራቸው።

ራጌሽን ጠራሁ፤ አምቡላንስም መጣ። ቃሬዛው ሲወርድ ዞሮ አየኝ። «ገደልሻት» አለኝ። «ኸላስ፣ አበቃ። ስመለስ እዚህ እንዳላገኝሽ።» «ዓም»፣ አጎቴ፣ የምለው ዘበኛው ሱሌይማን ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ ሜትሮ ባቡሩ ሸኘኝ። ምን እንደሚለኝ ግራ ገብቶት «ማሌሽ፣ ማሌሽ» ብቻ ይለኛል፤ «አይዞሽ» እንደ ማለት ነው።

ማታጂ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም። ስደውል አያነሱም። ሰናይት «አንቺ ምን አጠፋሽ?» ትለኛለች፤ እኔ ግን አላመንኳትም። አንተ ዝም በይ ብለኸኝ ነበር። ሰው ገድዬ ይሆን? እናቴን ያለቀስኩበት አፍ ሌላ እናት ገድሎ ይሆን?

አሁን አንተም ንገረኝ። እማዬ መቼ ሞተች? ምን ነበር የያዛት? ለምን አልደወላችሁልኝም? በመጨረሻ ስሜን ጠርታለች ወይ? ጣፋጭ አታድርግልኝ፣ መርሻ። እለምንሃለሁ።

ኑሀሚን

ቢቸና
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑሀሚን እህቴ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል በጥቅምት ልጽፍልሽ ይገባ ነበር።

እማዬ ያረፈችው ጥቅምት 9 ቀን ነው። ሐምሌ ላይ ሆዷ ማበጥ ጀመረ። ባሕር ዳር ወሰድኳት፤ ሐኪሞቹ ዕጢ ነው፣ ጉበቷ ላይ ደርሷል፣ ወደ ቤቷ መልሳት አሉኝ። መለስኳት። ከዚያ በኋላ ያለው ከባድ ነበር፤ ሕመሙ ያስጮኻት ነበር፤ አልደብቅሽም። ነጠላሽ የደረሰው እሷ ባረፈች ማግስት ነው። በእሱ ከፈንናት። «ለብሳዋለች» ያልኩሽ ይህንን ነው። ያነበብኩላትም መቃብሯ ላይ ተቀምጬ ነው።

ለምን አልደወላችሁልኝም ላልሽው፣ ሞክሬ ነበር። ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስልክ አንዳንዴ ይይዛል። ገና መቀመጥ ስትችል በበቅሎ አውጥቻት ስልኩን እጇ ላይ አኖርኩት። አልቃዠችም፣ አእምሮዋ ሙሉ ነበር። አልደውልም አለች። «ድምፄ ተለውጧል፣ ከሰማች ታውቅብኛለች። ካወቀች ትመጣለች፤ መንገዱን አታይም? ካልመጣችም በሰው ቤት ብቻዋን ታለቅሳለች። ደግፎ የሚይዛት ሰው እስክታገኝ እንዳትነግሯት» ብላ አስማለችኝ። ሶስናንም ያስማልኳት እኔ ነኝ። መሐላውን ጠበቅሁ። ልክ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ለአሮጊቷ ዝም በይ ስልሽ ስለ እሳቸው ብቻ እየጻፍኩ እንዳልነበር አሁን ገብቶሻል።

ስሜን ጠርታለች ወይ ብለሻል። ይህን መስመር ለመጻፍ ስንት ጊዜ ብዕሬን አስቀመጥኩ። አልጠራችሽም። በመጨረሻው ቀን ማንንም አታውቅም ነበር፤ እኔን «አባዬ» ትለኝ ነበር፣ ልጆቼንም አላወቀቻቸውም። ጠርታሻለች ብዬ ብጽፍልሽ ማንም አይመሰክርብኝም። ግን ጣፋጭ አታድርግልኝ ብለሻል።

ስለ ማታጂ ጸልያለሁ። ገዳይ አይደለሽም፤ የተጠየቅሽውን መለስሽ። በሕይወት ካሉ፣ እህቴን ስለያዙልኝ ከቢቸና የሚያመሰግናቸው ሰው እንዳለ ንገሪያቸው። አንቺስ እንዴት ነሽ? እንዴት እየኖርሽ ነው?

ወንድምሽ መርሻ

ፋይሰል
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም መርሻ፤

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሰናይትና የጎረቤታችን ኢልሃም ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነው። ኢልሃም የወሎ ልጅ ናት፤ ፍራሽ አንጥፋ አስቀመጠችኝ፣ የሚያውቁኝን ሴቶች ሁሉ ጠራች፣ በወጉ አለቀስኩ። ስሜን እንዳልጠራች ያነበብኩ ጊዜ ወረቀቱን ልቀደው ነበር። እማዬንም ተቀይሜያት ሰነበትኩ፤ እኔን ሳታማክር ስለ እኔ ወሰነች። ግን ያን መስመር ስለጻፍክልኝ ሌላውን ሁሉ አመንኩህ። በሕይወቷ እንደወደደችኝ ከእንግዲህ ማንም መጥቶ እንዲያረጋግጥልኝ አልፈልግም።

ማታጂ አሉ! ተርፈዋል። ራጌሽ ከዘበኛው ጠይቆ፣ እኔን ፍለጋ ሰናይት ቤት ድረስ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ሳያይ «ጥራልኝ ብላለች፣ አንቺ ካልመጣሽ መድኃኒት አልወስድም አለች» አለኝ። ሄድኩ። ሆስፒታል ነበሩ፤ ከስተዋል፣ አልጋው ውጧቸዋል። ሰላምታህን ነገርኳቸው። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው እኔ ባለሁበት፣ «አንተም እኮ አላለቀስክም» አሉት። ትልቁ ሰውዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሸፈነ። እኔ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆየሁ። ሐኪሞቹ ሲፈቅዱላቸው ሚራ ከተወችው ልጅ ጋር ለመኖር ወደ ናግፑር ሄዱ። ስለዚህ ቤቱ እኔን አያስፈልገውም፤ ራጌሽም ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ ሥራም አልሰጠኝም።

እንዴት ነሽ ላልከኝ እንደሌላው ጊዜ አልመልስልህም። ቋሚ ሥራ የለኝም። የመኖሪያ ፈቃዴ በሰኔ ያልቃል፤ የሚያሳድስልኝ ሰው ገና አላገኘሁም። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እሻገራለሁ። ለጊዜው ከሰናይት ጋር በየቤቱ እየዞርኩ አጸዳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሥራ አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። እንቅልፌ ጥሩ አይደለም። ወደ አገር ልግባ ወይስ እዚሁ ልቆይ ገና አልወሰንኩም፤ አንተም ስለ መንገዱ የምታውቀውን ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

አሁን ሰናይት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። ማዓዲ አንዲት አዲስ እመቤት ቀጥረውናል፤ ሜትሮው ሳይሞላ እንድረስ ትላለች። ፈርቻለሁ፣ ወንድምዓለም። እየሄድኩ ነው።

እህትህ ኑሀሚን